የጧፍ ዘበኛ

የልጄ ልብ ድምፅ አለው። የሁሉም ሰው ልብ ይመታል፤ የእሷ ግን አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው ይሰማል። ሬዲዮው ሲዘጋና ወሬው ሲያልቅ ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ ይላል፤ እንደ ርካሽ የእጅ ሰዓት። የተፈጥሮ የልቧ በር ተበላሽቶ ሰው የሠራው በር ገብቶላታል። እሱ ነው ሲከፈትና ሲዘጋ የሚጮኸው። ድሮ ቢሆን የግቢያችን ጫጫታ ይውጠው ነበር። ፊት ለፊታችን የነበረው ሰፈር ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ከሄደ ወዲህ ግን ፒያሳ መሀል ተቀምጠን ገጠር ያለን ያህል ጭር ብሏል። ስለዚህ እሰማለሁ። ሳልፈልግ እቆጥራለሁ።

ያቺን ቀን ልጽፋት የተነሳሁት ሙሉውን ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ልጄ ስድስት ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉሮሮዋ ያብጣል፣ ሰውነቷ ይግላል፣ ምራቋን መዋጥ ያቅታታል። አባቷ ጥሎን ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጎረቤቶቼ "እንጥሏ ወርዶ ነው፤ አስቆርጫት" አሉኝ። እኔንም እናቴ አስቆርጣኛለች፤ ምን ሆንኩ? እሪ በከንቱ ሰፈር ወርጄ፣ እጃቸው ይፈውሳል የሚባሉ አንዲት አሮጊት ዘንድ ወሰድኳት። በጉልበቶቼ መሀል አስገብቼ፣ ሁለት እጇን በአንድ እጄ፣ ግንባሯን በሌላው ጥርቅም አድርጌ ያዝኩና ተቆረጠች። ደም ስትተፋ "በቃ የኔ እናት፣ ከእንግዲህ አያምሽም" አልኳት። አመነችኝ። በዓመቱ ጉሮሮው ተመልሶ መጣ። እኔ ግን እንጥሉ ተቆርጧል ብዬ በጨው ውሃ እያጉመጠመጥኳት ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ።

ያ ጉሮሮ ለካ ቀስ እያለ ልቧን ሲበላ ኖሯል። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ደረጃ መውጣት አቃታት። የመረመራት ሐኪም ወጣት ነው። "ልጅ ሆና ቶንሲል እየደጋገመ ያማት ነበር?" ሲለኝ "አዎ ጌታዬ፤ እንጥሏንም አስቆርጬላታለሁ" አልኩት፣ እንደ ጎበዝ እናት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ያኔ መርፌ ብትወጋ ኖሮ..." ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔ እስከ ዛሬ እየጨረስኩለት አለሁ።

እንዲህ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንዴ ዓይኔን ጨፍኜ ልጄን ለበሽታ ሰጠኋት፤ ዳግመኛ አልጨፍንም አልኩ። በየወሩ የምትወጋውን መርፌ ቀኑን እየቆጠርኩ ግድግዳው ላይ በከሰል አሰምራለሁ። ወጥ ላይ ጨው ማድረግ ተውኩ። ባልዲ አላስነሳትም። ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ለእረፍት ሲወጡ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አያታለሁ።

"እማ፣ ጓደኞቼ እየሳቁብኝ ነው።"

"ይሳቁ። ሳቅ ልብ አያቆምም።"

በጸሎትም ያው ነበርኩ። "ፈቃድህ ይሁን" እልና ወዲያው ፈቃዱ ምን መሆን እንዳለበት አስረዳው ነበር። እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ፣ በዚህ በኩል ናልኝ፣ በዚያ እንዳትመጣብኝ። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ትዝ ሲለኝ ደግሞ ፍርሃቴንም እፈራዋለሁ።

የምተዳደረው በጧፍ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ወዲያ ካለው ደብር አጥር ሥር ተቀምጬ እሸጣለሁ፤ የምሠራውም ራሴ ነኝ። ሰሙን አቀልጣለሁ፣ የጥጥ ፈትሉን እነክራለሁ፣ ከዚያ ጣውላ ላይ በመዳፌ እያንከባለልኩ አስተካክለዋለሁ። ሃያ ዓመት ሰም ስላሸሁ መዳፌ ልሟል፤ መስመር የሚባል አልቀረበትም። አንድ የሰፈራችን ቀልደኛ እጄን ገልጦ አይቶ "ኧረ ያንቺ ዕጣ ፈንታ ተሰርዟል!" ብሎኛል።

ሰው ጧፍ አብርቶ ሲጠፋበት ይደነግጣል። ስለት ያለበት፣ የታመመ ያለበት ሰው ሮጦ ይመጣል። "ጠፋብኝ፤ ምን ሊመጣብኝ ይሆን?" ይለኛል። "ንፋስ ነው" እላለሁ፤ "እግዚአብሔር ጧፍ እፍ ሲል አይተው ያውቃሉ?" ስቆ ሌላ ገዝቶ ይሄዳል። ለሰው እንዲህ ነበርኩ።

ለቀዶ ጥገናው ሦስት ዓመት ተራ ጠበቅን። ልጄ ሃያ ሞላት። አንድ ቀን ተደወለልኝና አልጋ ተገኝቷል፣ አስገቢያት አሉኝ። አጠገቧ ባለው አልጋ ከወሎ የመጣች ባለትዳር ወጣት ተኝታለች። የልቧ ሕመም የታወቀው በአራስነቷ ነው፤ ሕፃኑን ለባሏ እናት ትታ ነው የመጣችው። የምታስታምማት እናቷ ናት፤ እኩያዬ ትሆናለች፣ ቀይ፣ ረጅም፣ ሻሿን በግንባሯ ዝቅ አድርጋ የምታስር ሙስሊም። እኔ ልጄ እንቅልፍ ሲወስዳት ተነስቼ አፍንጫዋ ሥር እጄን አስጠጋለሁ፤ ትተነፍስ እንደሆነ። ሴትዮዋ ሁለት ቀን ዝም ብላ አየችኝና ሦስተኛው ቀን አልቻለችም።

"አንቺ እህቴ፣ ልጅቱን እንቅልፍ ነሳሻት እኮ።"

"ፈርቼ ነው።"

"እኔስ አልፈራሁም? አብሽሪ። ለፈጣሪ አደራ ብለሽ የለ? አደራ የሰጡት ሰው ቤት እየሄዱ በየደቂቃው በር ያንኳኳሉ?"

ሳቅኩ። እጄን ግን አላቆምኩም።

ሐኪሙ የቆረጠላት ቀን ሃያ ሦስት ሆነ፤ የደብራችን ሰማዕት ወርኃዊ በዓል። ማንም ሳይነግራቸው ያንን ቀን መረጡ ብዬ ደስ አለኝ። ዋዜማው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ልሄድ ስነሳ ልጄ ነጠላዬን ያዘች።

"በአራት ሰዓት ነው የሚያስገቡኝ። ከዚያ በፊት ትመጫለሽ አይደል?"

"በሦስት ሰዓት እዚህ ነኝ።"

"ሳላይሽ እንዳልገባ፣ እማ።"

"ሳታዪኝማ ወዴት ትገቢያለሽ?"

የወጣሁት ጧፍ ልሠራላት ነበር። ለሽያጭ የምሠራው ቀጭን ነው፤ ሌላም ነገር ይቀላቀልበታል። ለእሷ ንጹሕ ሰም አቀለጥኩ። ፈትሉን ሦስት ዕጥፍ አድርጌ ገመድኩት። አውራ ጣቴን የሚያህል፣ ከመዳፌ እስከ ክርኔ የሚደርስ ጧፍ አደረግሁት። ሐኪሙ ከአራት ሰዓት ጀምሮ አምስትም ስድስትም ሰዓት ይፈጃል ብሎኛል። በጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባበራው እስከ አሥር እንዲነድ አስቤ ነው ያወፈርኩት። እሷ ተከፍታ እስክትዘጋ መብራት እንዳይቋረጥባት። አብርቼ በሦስት ሰዓት ከጎኗ እደርሳለሁ፤ ያሰብኩት ይሄንን ነው።

በማግስቱ የደብሩ ግቢ በሕዝብ ሞልቷል። ጧፉን አብርቼ አሸዋ በተሞላው የብረት ገበታ ላይ ተከልኩት፤ አባታችን ሆይን ደግሜ ልሄድ ዞርኩ። ንፋስ መጣ። ነበልባሉ ተኛ። ሮጬ ተመልሼ በነጠላዬ ከለልኩት፤ ቀና አለ። ደግሜ ዞርኩ፤ ደግሞ ተኛ።

ሁልጊዜ አጠገቤ ተቀምጣ ጧፍ የምትሸጠው ሴት አየችኝ።

"አንቺ! ልጅሽ ዛሬ አይደል እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አሁን እሄዳለሁ።"

"ወይ ጉድ! የጧፍ ዘበኛ ተቀጠርሽ? የደንብ ልብስስ አልሰጡሽም?"

"ተይኝ እስቲ!"

"በይ ሂጂ፤ እኔ አይልሻለሁ።"

አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ዕቃዬን ጥዬላት ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዲት ነገር ጎድሎብኝ አያውቅም። ያን ዕለት ግን አላመንኳትም። እሷን ብቻ አይደለም፤ ግቢው የማን እንደሆነ እያወቅሁ ባለቤቱንም አላመንኩትም። ቆምኩ።

ሦስት ሰዓት አለፈ። ስልኬ ጮኸ።

"እማ፣ የት ደረስሽ?"

"መንገድ ላይ ነኝ።"

"ቶሎ በይ እሺ?"

"መጣሁ፣ መጣሁ።"

ይህን ያልኩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ አንድ እጄን በነበልባሉ ዙሪያ ዘርግቼ ነው። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ደግሞ ጮኸ። አላነሳሁትም። ምን ልበላት? ትንሽ ንፋሱ ይብረድ፣ ትንሽ ይርጋልኝ እያልኩ ነበር። ከሄድኩ ይጠፋል፤ ከጠፋ ትሞታለች። ይህ ነገር በጭንቅላቴ ውስጥ እንደ እውነት ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሌላው እውነት ሁሉ ቦታ አልነበረውም።

ጧፍ የሚያነሱት ሽማግሌ ውሃ ያለበት ባልዲያቸውን ይዘው መጡ። በዓል ቀን ገበታው ስለሚሞላ፣ የነደደውንም ያልነደደውንም እያነሱ ለመጪው ሰው ቦታ ያስለቅቃሉ። ሁልጊዜ የማየው ሥራ ነው።

"አባባ፣ ይሄን እንዳይነኩብኝ።"

"ልጄ፣ ቦታ የለም። ሕዝቡን አታዪውም?"

"ገና ሩቡም አልነደደ!"

"እሱ ሩቡንም ያያል" አሉና ጧፎቹን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው ነቀሉ፤ የእኔን ጨምረው። ባልዲው ውስጥ ሲገቡ ቿ አለ። ጭሱ ፊቴን መታኝ።

ከዚያ ያደረግሁትን ስጽፈው አፍራለሁ። የሽማግሌውን ጋቢ ጨምድጄ ያዝኩ። "ልጄን ገደሏት! ልጄን ገደሉብኝ!" እያልኩ ወዘወዝኳቸው። ከዕድሜ ብዛት እግራቸው አልጸና ብሎ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ባልዲው ተደፋ። ከወደቁበት ሆነው ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። "ኧረ እኔ ጧፍ ነው ያነሳሁት" አሉ፤ ቀስ ብለው።

ሰው ተሰበሰበ። የንስሐ አባቴ ሰዉን ከፍለው መጡ።

"ምንድን ነው?"

"አባ፣ የልጄን ጧፍ አጠፉብኝ።"

"ልጅሽ የት ናት?"

"ሆስፒታል። ልቧን ሊከፍቱ ነው... አሁን።"

"ማን አለ ከሷ ጋር?"

ዓይኔን ወደ ተደፋው ባልዲ መለስኩ።

"ታዲያ አንቺን እዚህ ማን ሾመሽ?" አሉኝ። "ጧፉን ከሰጠሽው የእሱ ነው፤ ቢያነድደው ቢያጠፋው ምን አገባሽ? ልጂቱ ናት የምትፈልግሽ። ተነሺ!"

ልሳለመው መስቀላቸውን ስፈልግ ትከሻዬን ገፉኝ። "ሂጂ አልኩሽ!"

ሽማግሌውን እንኳ ይቅርታ ሳልጠይቅ ሮጥኩ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "እማማ፣ ነጠላሽ ተቃጥሏል" አለኝ። ጫፉ ጠቁሮ ተበሳስቷል፤ ነበልባሉን ስከልል ሲይዘኝ አላወቅሁም።

ስደርስ አልጋዋ ባዶ ነበር። አንሶላው ወደ አንድ ወገን ተገፍቷል። የወሎዋ እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እጇን ጨብጣለች።

"ገባች?"

"ገባች፣ እህቴ። ተቀመጪ።"

"ፈለገችኝ?"

ልትዋሸኝ ትችል ነበር። "ፈለገችሽ" አለችኝ። "በሩ ድረስ እየዞረች አየች። ያንገትሽን አውልቂ ሲሏት አለቀሰችባቸው። እኔ ልያዝልሽ፣ ለናትሽ በእጇ አስረክባታለሁ አልኳት። እጇን ይዤ ሸኘኋት። የናንተን ጸሎት አላውቀው፤ በይ ባወቅሽው ጌታሽን ጥሪ ስላት፣ በስመ አብ ብላ ገባች።"

እጇን ፈታች። የልጄ ማተብ ከነእንጨት መስቀሉ መዳፏ ላይ ነበር። አጥብቃ ይዛው ስለነበር የመስቀሉ ቅርጽ ሥጋዋ ላይ ታትሟል። ተቀበልኳት፤ ክሩ ሞቋል።

ከዚያ ወዲያ የምጠብቀው ነገር አልነበረም። የሚከለል ነበልባል የለም፣ የሚሰማ ትንፋሽ የለም፤ እሷ ከማላልፈው በር ወዲያ ናት። እጆቼን የት ላድርጋቸው? ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። "ጌታዬ፣ የኔ አይደለችም" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩበትም፤ ማስረዳቱም አልመጣልኝም። ሰላም ወረደልኝ ብል እዋሻለሁ። ልጅ አዝሎ ሲሄድ አንቀልባው የተፈታበት ሰው የሚሰማው ነው የተሰማኝ። ልዩነቱ ከሥር ሌላ እጅ ይኖር ይሆናል ማለቴ ነው፤ ይኖራል ብዬ አይደለም፣ ይሆናል ብዬ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሐኪሙ ወጣ። የልቧ በር ተቀይሯል፣ ልቧ ተነስቷል አለኝ። እልል አላልኩም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን የወሎዋ ልጅ ገባች። እናቷ እጇን ይዛ እስከ በሩ ሸኘቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት፣ ዱዓ አደረገችላት። አንድም የጎደለባት ነገር የለም። ልጅቷ አልወጣችም። የነገሯት ጊዜ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችው። "የሱው ናት" አለች ከሻሹ ሥር፤ "የሱው ናት።" ብዙ ጊዜ አለችው። ቀጥላ ተነሳችና የልጇን ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥታ አፈሩን አራገፈችው፤ እንደምትጫማው ሁሉ። እኔ አብሬያት አለቀስኩ። እንባዬ መሀል ግን "ተመስገን የኔ አይደለችም" የሚል ሐሳብ ሽው አለ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የልጄን መስቀል ጨብጣ ለቆየችልኝ ሴት እኔ የምይዝላት አንድ ነገር አጣሁ።

የእኔ ጧፍ ጠፋ፣ ልጄ ኖረች። እሷ አደራዋን ሰጥታ በር አላንኳኳችም፤ ልጇ ሞተች። ይህን ለንስሐ አባቴ አቀረብኩላቸው፤ መልስ ይኖራቸዋል ብዬ። "አላውቅም፣ ልጄ" አሉኝ። "እመኚ የምልሽ ይሄንንም እያወቅሁ ነው።"

ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ጉልበታቸው አሁንም ያማቸዋል። ዓመት አለፈ። እኔ ግን ከመማር ይልቅ ሌላ ጥበቃ ጀመርኩ። ልጄ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ዕድሜዋን ሙሉ ትውጣለች፤ ቆጥሬ የምሰጣት እኔ ነኝ። ስትቀመጥ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ጭቅ ጭቁን ለመስማት። ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ስታገኝ፣ ሐኪሙም ተራመጂ ስላላት ጠዋት ጠዋት በእግሯ መሄድ ጀመረች። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላዋ እከተላለሁ። እሷ ስትቆም እቆማለሁ፤ ሱቅ የማይ እመስላለሁ።

በአራተኛው ቀን ወደ ስድስት ኪሎ የሚያወጣው ዳገት ሥር ቆመች። ዞረች።

"እማ።"

"እኔማ... ለጧፉ ፈትል ልገዛ..."

"ፈትል እዚህ አይሸጥም።"

ሰው በመሀላችን ያልፋል።

"መከተልስ ያን ቀን ነበር፣ እማ።"

አልጮኸችም። ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተንፍሳልኝ አታውቅም፤ የረሳችው መስሎኝ ነበር።

"መንገድ ላይ ነኝ አልሽኝ" አለች። "የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። እንደማትመጪ እያወቅሁ ነው የገባሁት።"

"ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት።"

"ብያለሁ። ድሮ ብያለሁ።" ማተቧን በጣቷ ነካች። "ግን አትከተዪኝ። ኪኒኔንም ለኔ ስጪኝ።"

ኪኒኑ ጉያዬ ውስጥ ነበር፤ የትም ስሄድ ይዤው ነው የምሄደው። አውጥቼ ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ጉንጬን ስማኝ ዳገቱን ተያያዘችው። የልቧ ድምፅ በመኪናው ጫጫታ አይሰማም። ሕዝቡ መሀል እስክትጠፋ ቆሜ ላያት ፈለግሁ፤ ያም ዘበኝነት መሆኑ ገባኝ። "ያንተ ናት" አልኩ። እሷ ከዓይኔ ሳትጠፋ እኔ ቀድሜ ዞርኩ። ፍርሃቱ እዚያ አልቀረልኝም፤ አብሮኝ ዞሮ ቁልቁል ወደ ጧፎቼ ወረደ።